በቁሙ የተለቀሰለት አባቴ

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው የሕፃናትን ጠባይ ነው። ሰው ከተወለደ ጀምሮ እስኪያድግ ድረስ ሐሳቡና ስሜቱ እንዴት እንደሚበቅል ያጠናሉ አሉ። አንድ ቅዳሜ ወረቀት ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ እስከ ሰባት ስምንት ዓመትዎ ድረስ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ። ለጥናት ነው።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ሰው የሚሠራው በዚያን ጊዜ ነው ይላል ትምህርቱ። በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚያ ላይ ነው የሚቆመው።»

«ውሸት ነው» አልኳት። «ሰውን የሚሠራው ሥራው ነው። እኔን የሠራኝ አርባ ዓመት የጠረብኩት ድንጋይ ነው።»

«እሺ፣ ድንጋዩ ከመምጣቱ በፊትስ ማን ነበሩ?»

ስልኳን አፌ ሥር ደቀነች፤ ድምፄን ልትቀዳ። ለዕቃ አላወራም፣ ከፈለግሽ እጽፈዋለሁ አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ እጄ ይዘገያል። ቃል ማሳመርም አላውቅም። ያየሁትን ግን እንዳየሁት እጽፋለሁ።

ቤታችን ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የጭቃ ቤት ነው፣ ክዳኑ ሣር። ከጓሮው በኋላ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ በኋላ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። አባቴ የአንድ ባላባት ዘበኛ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ሦስት ዓመት አልሞላህም ነበር ትለኝ ነበር እናቴ። ጠመንጃህን አስረክብ ሲባል አባቴ አላስረከበም። ወደ መናገሻ በኩል ሄዶ ጫካ ገባ። እኔ ይህን አላየሁም፤ ተኝቼ ነበር መሰለኝ። ስነቃ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ወንድ የሌለበት ቤት ሁሉ ወንዱ የት ሄደ ተብሎ ይጠየቃል። የሚጠይቁት ሶላቶዎቹ፣ የጣሊያን ወታደሮቹ፣ አይደሉም፤ ቋንቋችንን አያውቁም። የሚጠይቀው ባንዳው ነው። የእኛ ሰፈር ባንዳ እዚያው ኮልፌ ያደገ ሰው ነበር፤ ሁላችንንም ያውቀናል። ጥርሱ ነጭ ነው፣ ሲስቅ ደስ ይላል። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ደጃፍ ላይ አገኘኝና ከኪሱ ፉርኖ ዳቦ አወጣ። እኛ ቤት የስንዴ ዳቦ አይታወቅም። ሰጠኝ።

«ጎበዝ፣ አባትህ የት ሄደ?»

«ዱር» አልኩት።

«ዱር ምን ሊያደርግ?»

«ጠመንጃ ይዞ።»

ራሴን ዳበሰኝና ሄደ። ዳቦውን በላሁት።

በማግስቱ ጠዋት መጥተው እናቴን ወሰዷት። ስንት ቀን እንደቆየች አላውቅም። ያቆየችኝ ጎረቤታችን ነበረች፤ ከጉራጌ አገር የመጣች፣ ባሏ ቅቤና ማር የሚነግድ፣ አፏ ስለት የሆነች ሴት። እናቴ ስትመለስ በሆዷ ነበር የምትተኛው። ጀርባዋን እንዳላይ ነጠላዋን ትደርብበታለች። ዱር ያልኩት እኔ መሆኔን ታውቃለች። አንድም ቃል አልተናገረችኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ልቅሶውን ያሰበችው።

ሐሳቡ የእናቴና የጎረቤታችን ነው። የጎረቤታችን ባል ከጊቤ ወዲያ ማዶ ለንግድ ይመላለስ ነበር። ከዚያ ሲመለስ መርዶ ይዞ መጣ ይባላል፤ ባልሽ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅማ ሲሄድ ጊቤ በረሃ ላይ ወባ ጣለውና ሞተ፣ እኔው ቀበርኩት ይላል። ሰው ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል። የሞተ ሰው ዱር አይገባም። የቀረው የንስሐ አባታችን ነበሩ። ያለ ካህን ልቅሶ ልቅሶ አይመስልም። እናቴ ሄዳ እውነቱን ነገረቻቸው። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ፤ ሕፃን አይሰማም ብለው ይሆናል።

«በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት አልፈታም» አሏት። «የእግዜር ቁጣ ያመጣል።»

«እሺ አባ፣ እንዲያው ይምጡና ይቀመጡልኝ።»

«ዳዊት እደግማለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዳዊት ለሕያውም ለሙትም ይሆናል። ለየትኛው እንደሆነ የሚለይ ካለ ይለየው።»

የለየው ሰው አልተገኘም። መርዶው እንደተነገረ እናቴ ፊቷን ነጨች፣ ጠጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። የእኔንም ጠጉር ላጩኝ። ሦስት ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። እናቴ የምታስመስል አልነበረችም፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ለምን እንዳለቀሰች ዛሬ ይገባኛል፣ ያኔ አልገባኝም። ለእኔ ሞቷል አሉኝ እንጂ ውሸት ነው ያለኝ የለም። ካህኑ ጋ የሰማሁትንም ረሳሁት፤ ወይም ልቅሶው በለጠው። ባንዳውም መጣ። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ንፍሮ ዘግኖ በላና «እግዜር ያጽናሽ» ብሏት ወጣ።

እኔ አላለቀስኩም ይላሉ። ጎረቤታችን፣ «ይሄ ልጅ አልገባውም» ብላ ነበር። ገብቶኝ ነበር። እኔ ዱር ብዬ እናቴን ወሰዷት፤ ቀጥሎ ደግሞ አባቴ ሞተ። በልጅ ሂሳብ ሁለቱም የኔ ሥራ ነው። አፌን ከከፈትኩ ሌላ ሰው ይወሰዳል ብዬ ገጥሜው ተቀመጥኩ።

አርባው ወጥቶ፣ ክረምቱም አልፎ፣ አንድ ጠዋት አህያ የሚነዳ ከሰል ሻጭ ደጃችን ቆመ። ያን ጊዜ ከሰልና እንጨት ጭኖ በዚያ መንገድ ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ፊቱ እስከ ዓይኑ ድረስ ጥቁር ነበር።

«ሴትዮ፣ ከሰል ትገዣለሽ?»

«ከጓሮ አራግፍልኝ» አለች እናቴ።

ጆንያውን ሲያወርድ አየሁት። ጆንያውን ከማውረዱ በፊት በጉልበቱ ይገፋዋል፤ አባቴ ማንኛውንም ሸክም እንደዚያ ነበር የሚያወርድ። ሮጬ ሄጄ «አባዬ» አልኩት። ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ያልኩት ያኔ ነው።

እናቴ አፌን በመዳፏ ዘጋችው። አባቴ ፊቱን ወደ አህያው አዞረ። ሲሄድ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ነው የሄደው፤ መንገደኛ ያልፍ ነበር።

ያን ዕለት እናቴ ጭኔን ይዛ ነገረችኝ። የመጣው ከሰል ሻጭ ነው። አባትህ ሞቷል። ጊቤ በረሃ ላይ በወባ። በል ድገመው። ደገምኩት። እንደገና በል አለችኝ። አልኩት።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ገባሁ ማለት ይቻላል። አስተማሪዋ እናቴ ነች። በማላስበው ሰዓት ትጠይቀኛለች። ሽንኩርት እየላጠች፣ «አባትህ የት ነው?» ትለኛለች። ሞቷል ካልኩ ዝም ትላለች፤ ጎበዝ አትለኝም። ከተሳሳትኩ ግን ጭኔን በውስጥ በኩል ትቆነጥጠኛለች፣ ሰው በማያየው በኩል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ በፍቅር ስትጠይቀኝ ነው። ታቅፈኝና፣ «አሁን ማንም የለም የኔ ልጅ፣ በሩ ተዘግቷል። አባዬ ናፈቀኝ በል እስቲ» ትለኛለች። ድምጿ ማር ነው። የመጀመሪያ ጊዜ «ናፈቀኝ» አልኳት። ቆነጠጠችኝ። ሁለተኛም አልኳት፣ ቆነጠጠችኝ። ሦስተኛው ላይ «አባት የለኝም» አልኩ። ለቀቀችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጎረቤታችንም አግዛታለች። እሷ በቀልድ ነው የምትፈትነኝ።

«አንተ መላጣ፣ ትናንት አባትህን ገበያ አየሁት እኮ።»

«ሞቷል።»

«ምን ሞቷል ትላለህ፣ ቂጣ ገዝቶልሃል፣ እኔ ጋ አለ።»

«ጊቤ ነው የሞተው።»

«ቂጣው ማር ተቀብቷል።»

«አባት የለኝም።»

«እቴ፣ ይሄን ልጅ ዳኛ ፊት ብታቆሚው ዳኛው ነው የሚፈራ» አለቻት እናቴን። እናቴ አልሳቀችም። ቂጣ አልነበረም።

የልጅ ልጄ ይህን ብታነብ ለዚህም ስም ይኖራታል። ይኑራት። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ያላት አንድ ልጅና በጫካ ያለ አንድ ባል ነው፤ ልጁ አንዴ ተናግሮ ጀርባዋን አስገርፏታል። ሌላ መንገድ አላየችም። እኔም ብሆን ሌላ መንገድ ማየቴን እጠራጠራለሁ።

አባቴ በወር በሁለት ወር አንዴ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይመጣ ነበር። ሁልጊዜ በቀን ነው፤ በጨለማ የሚሄድ ሰው ይያዛል፣ በቀን ከሰል የሚሸጥ ሰው ግን ማንም አያየውም። ጓሮ ያራግፋል፣ እናቴ በተሰነጠቀ ቅል ውሃ ትሰጠዋለች፣ ባዶ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አህያውን አያለሁ። እሱን አላየውም። እንዳላየው ያዘዘኝ የለም፤ ካላየሁት ይቀለኛል። አንድ ቀን እንዲህ አላት።

«ሴትዮ፣ ይሄ ልጅ አፍ የለውም እንዴ?»

«አለው። ለእንግዳ አያወራም።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ጊዜ ብቻ አባዬ ይበለኝ። ጓሮ ነን፣ ማን ይሰማል?»

«ዛሬ ጓሮ ያለ ነገ ደጃፍ ይላል።»

«ተይ እንጂ።»

«ጣሊያን ሲወጣ ይልሃል። ውሃህን ጨርስና ሂድ።»

«ካልተመለስኩስ?»

«ከተመለስክ ይልሃል» አለች።

ቅሉን መለሰላት። እሷ ቃሉን ለዚያ ቀን እያስቀመጠችለት ነበር። እሱም ያን ቀን እየጠበቀ ነው ጫካ የሚኖረው። ሁለቱም የሚጠብቁት ቃል በእኔ አፍ ውስጥ ነው፤ እኔ ግን የምሰማው ስለ ሌላ ልጅ የሚያወሩ ያህል ነበር።

ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ባንዳው ከሰሉ በሚራገፍበት ሰዓት መጣ። ሁለት አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ከኋላው ነበሩ። ሰው ነግሮት ይሁን እንዲሁ ሲያልፍ፣ አይታወቅም። ጓሮ ገብቶ ከሰል ሻጩን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አሁንም ፉርኖ ዳቦ ነበረው። ትኩስ ነው። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አድገሃል። ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ከሰል ሻጭ።»

«አባትህ አይደለም?»

«አባቴ ሞቷል። ጊቤ በረሃ በወባ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አርባው ወጥቷል።»

ሳቀ። ከዚያ አለንጋውን አውጥቶ ከሰል ሻጩን ጀርባው ላይ አሳረፈበት። የሚያየው ግን እኔን ነው። ደገመው። አባቴ ጎንበስ ብሎ እንደ ነጋዴ «ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ» ይላል። ሦስተኛው ፊቱን አገኘውና በጥቁሩ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ዳቦውን ገመጥኩ። ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። እስከ መጨረሻው በላሁት።

ባንዳው ሰልችቶት ሄደ። እውነትም ከሰል ሻጭ ነው ብሎ ይሆናል።

የልጅ ልጄ ወረቀቷ ላይ «በዚያን ጊዜ ምን ተሰማዎት» የሚል ጥያቄ አላት። ምንም አልተሰማኝም። ደብቄው አይደለም። ዳቦ ነው የበላሁት።

አባቴ አህያውን እየነዳ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጣሊያን እስኪወጣ አልመጣም። እናቴ ያን ዕለት ዳቦውን ስበላ ፊቴን የነካኝን የከሰል ትቢያ አጠበችልኝ። አልቆነጠጠችኝም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውንም ተወችው፤ ትምህርቴን ጨርሼ ነበር።

ጣሊያን የወጣ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰዉ መንገድ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ከቀናት በኋላ አባቴ ከሌሎች አርበኞች ጋር በቀራንዮ በኩል መጣ። ጎፈሬው ትከሻው ላይ ወድቋል፣ ጠመንጃ አለው፣ ፊቱ ታጥቧል። ጉንጩ ላይ ያ መስመር ጠባሳ ሆኗል። ጎረቤት ሁሉ ግቢያችን ሞላ። ልቅሶ የደረሱ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሙት መንፈስ እንዳዩ አፋቸውን ይዘዋል። አባቴ ሰዉን ሁሉ አልፎ ፊቴ ተንበረከከ።

«ና ልጄ። በል አሁን በለኝ።»

«አባቴ ሞቷል» አልኩት። «ጊቤ በረሃ በወባ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «እንዲህ ነው ወንድ» አለ አንዱ። አባቴም አብሯቸው ሳቀ። እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ለዚህ ቀን ነበር ያስቀመጠችው።

«የኔ ልጅ፣ አሁን አልቋል። ማንም አይሰማም፣ ቢሰማም ግድ የለም። አባዬ በለው።»

ድምጿ ያ የማሩ ድምፅ ነው። እጇን አየሁት። እጇ ጭኔ አጠገብ ነበር።

«አባት የለኝም» አልኩ።

በዚህኛው የሳቁት ጥቂት ናቸው።

ከዚያ ያልተሞከረ የለም። አባቴ የአንድ አርበኛ ፈረስ ላይ አስቀመጠኝ፤ ተቀመጥኩ፣ ወረድኩ። ከጠመንጃው ባዶ ቀለህ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት። እናቴ መጀመሪያ ለመነችኝ፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ቆነጠጠችኝ። ያው ቦታ ላይ ነው። ስትቆነጥጠኝ ደግሞ የባሰ እርግጠኛ ሆንኩ፤ ፈተናው አላለቀም ማለት ነው። ጎረቤታችን ይህን አይታ ዝም አላለችም።

«ሲል ቆነጠጥሽው፣ ሳይል ቆነጠጥሽው። ልጁ የት ይግባልሽ?»

እናቴ ምክንያቱን ሌላ ነገር ላይ አገኘችው። በቁሙ ስላለቀስኩበት ነው፣ ለልጁ ሞቶ ቀረበት አለች። ወደ ንስሐ አባታችን ሄደች። ለሞተ ፍትሐት አለ፣ የለቀሱለትን ሰው ከሞት የሚመልስ መጽሐፍ ግን አላየሁም አሏት። ስለዚህ የራሷን ሥርዓት አወጣች። ያን ጊዜ ልቅሶ የተቀመጡትን በሙሉ፣ ከባንዳው በቀር፣ ለእሑድ ጠራቻቸው። ያን ጊዜ ንፍሮ የቀመሰ ሁሉ አሁን ጠላና ዳቦ ይቅመስ፣ ልቅሶው ይሻር አለች። ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለበሰች። አባቴ ከካህኑ ቀጥሎ ተቀመጠ። እንግዳ የማስታጠቡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ ማሰሮና ሳፋ ይዤ ለእያንዳንዱ አፈሳለሁ። አባቴ ጋ ስደርስ «አባዬ፣ ታጠብ» እንድለው ሦስት ቀን አስጠንታኛለች።

ካህኑን አስታጠብኩ። ወደ እሱ ዞርኩ። እሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዓይን ዓይኔን ያያል። ቃሉን አውቀዋለሁ። ምላሴ ላይ አልነበረም እንጂ ቃሉን አውቀዋለሁ።

«ይታጠቡ» አልኩት።

ውሃውን አፈሰስኩ። እጁን አሸ። እንደገና አሸ። እጁ ንጹሕ ነበር፣ እሱ ግን ውሃው ከማሰሮው እስኪያልቅ ድረስ ማሸቱን አልተወም። ከዚያ እናቴን አያት።

«ተይው ከእንግዲህ» አላት። «ነፍሴን ያተረፈው ያ አፍ ነው። ክፈት ብዬ አላስገድደውም።»

ዳቦው ተቆረሰ፣ ሰው በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም «እርስዎ» እያልኩት ኖርኩ፤ ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር እንደማወራ። በዓመት ከምናምን እኅቴ ተወለደች። መናገር ስትጀምር ያለችው «አባዬ» ነው። ሲመጣ ደጅ ድረስ ትሮጣለች፣ ጎፈሬውን ትጎትታለች፣ «አንተ» ትለዋለች። የአንድ ቤት፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን። ዳቦውም አንድ ነው። የልጅ ልጄ ትምህርት ትክክል ነው ብዬ አልፈርምም፤ ግን እኅቴን ሳስብ ለክርክር ብዙ ቃል አላገኝም።

አባቴ ረጅም ዕድሜ ኖረ። እኔም ድንጋይ ጠራቢ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። የጠረብኩትን ድንጋይ አይቶ «ጥሩ ነው» ይለኝ ነበር። አልተጣላንም። ሲታመም ተሸክሜ ፀሐይ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ ተሸክሜው ከደጅ እንዳስቀመጥኩት፣ እጄን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ።

«ይጠይቁኝ።»

ፊቴን ትኩር ብሎ አየው። «ውሃ» አለኝ። አመጣሁለት።

የቀብሩ ዕለት ድንኳን ጣልን። እኅቴ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ደረቷን ትመታለች፤ ሴቶቹ ይቀበሏታል። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ያዙና፣ «አንተም ጥራው እንጂ፤ ይወጣልሃል» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ሰዎቹ አዩኝ። የድንኳኑ አንዱ ካስማ ላልቶ ነበርና ሄጄ በድንጋይ መታሁት፤ የሚቀጥለውንም መታሁት።